አታልሎ መግባት፦ ሺጌላና ሳልሞኔላ በአንጀታችን ውስጥ

ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ሰውን ለማሳመም ብዛት አያስፈልገውም። ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ተህዋስያን በአፍ ከገቡ ይበቃሉ። የኮሌራ ባክቴሪያ ጨጓራው ጤነኛ የሆነን ሰው ለመጣል አብዛኛውን ጊዜ በሚሊዮን መቆጠር አለበት፤ የጨጓራ አሲድ በመንገድ ይጨርሰዋልና። ሺጌላ ግን አሲዱን ለሰዓታት ተቋቁሞ ያልፋል። ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ እጁን በውኃ ብቻ ለቅለቅ ያደረገ ሰው ጥፍር ሥር የቀረች ቅንጣት እድፍ ቤተሰቡን በሙሉ ልታሳምም የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት ይነሳል፤ ቁርጠትና ማማጥ ይከተላል፤ ከዚያም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይመጣል።

ደሙ ከየት መጣ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሳይንስ ከስልሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

እ.ኤ.አ. በ1897 ጃፓንን ከባድ የተቅማጥ ወረርሽኝ መታት። ከ90,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከታመሙት አምስት ሰዎች ቢያንስ አንዱ ሞተ። በቶኪዮ በሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በሚመራው የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ወጣቱ ሐኪም ኪዮሺ ሺጋ 36 ሕሙማንን መረመረ። ከሰገራቸው አንድ ዓይነት ዘንግ መሰል ባክቴሪያ አወጣ፤ ከሕሙማኑ ደም የተለየ ሴረም ሲጨመርበትም ባክቴሪያው እየተሰባሰበ ሲጓጉል አየ። የሕሙማኑ ሰውነት ይህን ባክቴሪያ አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። ሺጌላ የሚለው መጠሪያ የተገኘው ከዚህ ሰው ስም ነው።

ሺጋ ጥፋተኛውን ለየ እንጂ ጥፋቱ እንዴት እንደሚፈጸም ገና አልታወቀም ነበር። ለረጅም ጊዜ ብዙዎች ባክቴሪያው በአንጀት ውስጥ ሆኖ መርዝ እየረጨ ይጎዳል ብለው ያስቡ ነበር። በ1964 በአሜሪካ የዋልተር ሪድ ጦር ምርምር ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች ግን ሌላ ነገር አሳዩ። በእጃቸው ከነበሩት የሺጌላ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ወደ አንጀት ህዋስ የመግባት ችሎታቸውን ያጡ ነበሩ። በሕይወት አሉ፣ ይራባሉ፣ ግን የሙከራ እንስሳትን አያሳምሙም። በሽታው የሚጀምረው ባክቴሪያው ወደ ህዋሱ ውስጥ ሲገባ እንደሆነ ተረጋገጠ።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም የአንጀትን ግድግዳ ለሚያውቅ ሰው እንቆቅልሽ ነው። የአዋቂ ሰው የምግብ መተላለፊያ ቱቦ የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ 30 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ሁሉ ስፋት ከውስጥ የሚለብጠው ጎን ለጎን የተደረደሩ የአንድ ህዋስ ውፍረት ብቻ ያለው ሽፋን ነው። ቀጭን የሆነው ምግብና ውኃ ማሳለፍ ስላለበት ነው። ቢሆንም ጥበቃው ቀላል አይደለም። ህዋሳቱ እርስ በርሳቸው በጥብቅ ተያይዘዋል፤ ላያቸው በሚያዳልጥ ንፍጥ ተሸፍኗል፤ በንፍጡ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ አብዛኞቹ ህዋሳት ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ረግፈው በአዲስ ይተካሉ። የአንጀት ህዋስ እንደ ነጭ የደም ህዋስ ባክቴሪያን አሳዶ የሚውጥ አይደለም። ታዲያ ባክቴሪያው በምን ኃይል ይገባል?

በራሱ ኃይል አይገባም። ህዋሱ ራሱ እንዲውጠው ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ግልጽ ማስረጃ በ1985 መጣ። ራልፍ ኢስበርግና ስታንሊ ፋልኮው በአሜሪካ ከየርሲኒያ ባክቴሪያ አንድ የዘረመል ቁራጭ ወስደው ኢ. ኮላይ ወደተባለ ጉዳት የሌለው የላቦራቶሪ ባክቴሪያ አዛወሩት። ከዚያ በፊት ከህዋስ ውጭ ይቀር የነበረው ኢ. ኮላይ ወደ ህዋስ መግባት ጀመረ። አንድ ፕሮቲን ብቻ በባክቴሪያው ገጽ ላይ ሲወጣ ከህዋሱ ገጽ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ ህዋሱም ባክቴሪያውን ቀስ በቀስ በሽፋኑ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያም የሚገባው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። በፓሪስ ፓስተር ተቋም የፓስካል ኮሳር ቡድን ሊስቴሪያ የሚይዘው ኢ-ካድኸሪን የተባለውን ፕሮቲን እንደሆነ በ1996 ደረሰበት፤ ይህ ፕሮቲን የአንጀት ህዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዘው ራሱ ነው። የሚያስገርመው፣ ሊስቴሪያ በአፍ የተሰጣቸው አይጦች በቀላሉ አይታመሙም። ምክንያቱ የአይጥ ኢ-ካድኸሪን ከሰው የሚለይበት አንዲት አሚኖ አሲድ ናት። በሰው ላይ ግን ሊስቴሪያ ምሕረት የለውም። በ2017 እና በ2018 በደቡብ አፍሪካ ፖሎኒ ከተባለ የተዘጋጀ ሥጋ በተነሳው ወረርሽኝ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞተዋል፤ ከተጎጂዎቹም ብዙዎቹ ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ።

ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያና ሺጌላ የሚጠቀሙበት ስልት ከዚህ ይልቃል። በ1998 ከሳልሞኔላ ሽፋን ተነጥለው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታዩት ጥቃቅን መሣሪያዎች የሐኪም መርፌ ይመስላሉ፤ ሳይንቲስቶችም የሚጠሯቸው በዚሁ ስም ነው። ከባክቴሪያው ሽፋን ላይ የተተከለ መሠረት አለ፤ ከእሱ ላይ ባዶ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። የቱቦው ቀዳዳ ከ2 እስከ 3 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ባክቴሪያው የአንጀቱን ህዋስ ሲነካ በዚህ ቱቦ በኩል የራሱን ፕሮቲኖች በቀጥታ ወደ ህዋሱ ውስጥ ይልካል። እዚህ ግኝት ላይ የአርጀንቲና ተወላጁ ሳይንቲስት ሆርሄ ጋላን ድርሻ ትልቅ ነው፤ መሣሪያውን ከሚሠሩት ዘረመሎች የመጀመሪያዎቹን ያገኘው እሱና ባልደረባው በ1989 ነበር።

የተላኩት ፕሮቲኖች የሚያደርጉት ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። እያንዳንዱ ህዋስ ቅርጹን የሚጠብቅበት ከአክቲን ፕሮቲን የተሠራ የክር መረብ አለው። መረቡ መቼና የት እንደሚዘረጋ የሚያዝዙት የህዋሱ የራሱ ፕሮቲኖች ናቸው። የሳልሞኔላ መልእክተኞች እነዚህን አዛዦች ያነቃቋቸዋል። ህዋሱ ባክቴሪያው ባለበት ቦታ ላይ በድንገት ያብጣል፤ ሽፋኑ እየተነሳ እየታጠፈ በባክቴሪያው ላይ ይደፋና ይውጠዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ሳልሞኔላ ሌላ ፕሮቲን ይልካል፤ የዚህኛው ሥራ የተነቃቁትን አዛዦች መልሶ ማስተኛት ነው። ህዋሱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ ከውጭ ለሚያየው ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ዐይንና አእምሮ የሌለው፣ ርዝመቱ ሁለት ማይክሮሜትር ያህል የሆነ ፍጡር የገባበትን ዱካ አጥፍቶ መቀመጡን ያህል የተፈጥሮን ረቂቅነት የሚያሳይ ነገር ጥቂት ነው።

ሳልሞኔላ ከገባ በኋላ በተጠቀለለበት ከረጢት ውስጥ ይኖራል። ከረጢቱ በተለመደው አሠራር ከህዋሱ የምግብ መፍጫ ክፍል ጋር ተገናኝቶ ባክቴሪያው መገደል ነበረበት። ሳልሞኔላ ግን ሁለተኛ መርፌ አለው፤ በእሱ የሚልካቸው ፕሮቲኖች ከረጢቱን ለኑሮው ያመቻቹለታል። ታይፎይድ የሚያመጣው የሳልሞኔላ ዓይነት በአንጀት ብዙም ሁከት ሳያስነሳ ወደ ደም ይዘልቃል፤ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ይራባል። ሰውየው መታመሙን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ካልታከመ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንጀቱ እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ ባክቴሪያው በሐሞት ከረጢት ተደብቆ ዓመታት ይቆያል። የኒውዮርኳ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሜሪ ማሎን የዚህ ምስክር ናት። እሷ ራሷ ጤነኛ መስላ ስትሠራ የቀጠሯት ቤተሰቦች በታይፎይድ ይወድቁ ነበር፤ በ1907 ተይዛ ተገለለች፣ በ1910 ተለቀቀች፣ በ1915 በአንድ ሆስፒታል ምግብ ስታበስል ተገኝታ እንደገና ተገለለች፤ በ1938 እስክትሞትም በኖርዝ ብራዘር ደሴት ኖረች።

የሺጌላ ጉዞ ግን ከሁሉም የተወሳሰበ ነው። ሺጌላ መዋኛ ጅራት የለውም፤ በራሱ አይንቀሳቀስም። ከአንጀቱ ህዋስ የላይኛው ገጽ በኩል መግባትም እምብዛም አይሳካለትም፤ በጎንና በሥር በኩል ነው የሚገባው። እዚያ ለመድረስ የሚጠቀመው የሰውነትን የጥበቃ ሥርዓት ነው። በአንጀት ግድግዳ ላይ እዚህም እዚያም ኤም ህዋስ የሚባሉ ልዩ ህዋሳት አሉ፤ ሥራቸው ከአንጀቱ ውስጥ ናሙና እየቀነሱ ከሥራቸው ለሚጠብቁት የመከላከያ ህዋሳት ማቀበል ነው። ሺጌላ እንደ ናሙና ሆኖ በእነሱ በኩል ያልፋል። ከታች ማክሮፌጅ የተባለው ነጭ የደም ህዋስ ይውጠዋል፤ ባክቴሪያውን መግደል ሲገባው ግን እሱ ራሱ ይገደላል። ሲሞት የሚለቃቸው የማንቂያ ኬሚካሎች ሌሎች ነጭ የደም ህዋሳትን ይጠራሉ። የተጠሩት በህዋሳቱ መካከል ሰርስረው ወደ አንጀቱ ውስጥ ሲወጡ ጥብቁ መገጣጠሚያ ይላላል፤ በተከፈተው መንገድ ተጨማሪ ሺጌላዎች ይገባሉ። ሰውነት ለመከላከል የሚያደርገው ጥረት ለጥቂት ጊዜ ወራሪውን ይረዳዋል።

ከሥር የደረሰው ሺጌላ መርፌውን ተጠቅሞ ወደ አንጀት ህዋሱ ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ዘረመሎች ያሉት ከዋናው ዘረመል ተነጥሎ በሚገኝ ትልቅ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ እንደሆነ ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊፕ ሳንሶኔቲና ባልደረቦቹ በ1982 አሳይተዋል፤ ያ ቀለበት የጠፋበት ሺጌላ መውረር አይችልም። ሺጌላ እንደ ሳልሞኔላ በከረጢቱ ውስጥ አይቆይም። ከረጢቱን ቀዶ ወደ ህዋሱ ፈሳሽ ይወጣል። ቀጥሎ በአንደኛው ጫፉ ላይ በሚያወጣው ፕሮቲን የህዋሱን አክቲን ይሰበስባል፤ አክቲኑ ከኋላው እየተጋገረ ወደፊት ይገፋዋል። መዋኘት የማይችለው ባክቴሪያ በህዋሱ ጉልበት ይጓዛል። የህዋሱ ጠርዝ ሲደርስ ሽፋኑን ይገፋና ወደ ጎረቤቱ ህዋስ ይዘልቃል፤ እዚያም ድርብ የሆነውን ከረጢት ቀዶ ይወጣል። እንዲህ ከህዋስ ወደ ህዋስ ሲዛመት አንድም ጊዜ ወደ ውጭ አይወጣም፤ በደምና በንፍጥ ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት አያገኙትም። ህዋሳቱ በየተራ ይሞታሉ፤ የአንጀቱ ግድግዳ ይቆስላል። በሰገራ ላይ የሚታየው ደምና መግል ከዚህ ቁስል ነው።

ሰውነት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሴፕቲን የተባሉ ፕሮቲኖች ሺጌላውን ከብበው አክቲን እንዳይሰበስብ ሲያግዱት በማይክሮስኮፕ ታይቷል። ሌሎች ፕሮቲኖች በባክቴሪያው ገጽ ላይ ተለጥፈው እንቅስቃሴውን ይገቱታል፤ ሺጌላ በበኩሉ እነዚህን የሚያስወግድ ፕሮቲን በመርፌው ይልካል። የተበከለ ህዋስ ከሽፋኑ ላይ ተነቅሎ እንዲረግፍ ይደረጋል፤ ሺጌላ ይህንንም ለማዘግየት ይሞክራል። ጤነኛ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ገደማ ያሸንፋሉ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ግን ይህን ትግል የሚገባው በባዶ እጁ ነው ማለት ይቻላል።

በአንጀታችን የሚኖሩት ወዳጅ ባክቴሪያዎችም በዚህ ትግል ውስጥ ድርሻ አላቸው። በ1954 በአሜሪካ የታተመ ሙከራ ይህን በማያሻማ መንገድ አሳየ፤ አይጦችን በሳልሞኔላ ለመበከል ወደ 100,000 የሚጠጉ ባክቴሪያዎች ያስፈልጉ ነበር፣ አስቀድሞ ስትሬፕቶማይሲን የተሰጣቸውን ግን ከ10 ያነሱ በቁ። መድኃኒቱ የአንጀቱን ነዋሪዎች ስለገደለ ለወራሪው ቦታ ተለቀቀለት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለቀላል ሕመም ሁሉ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ይህን ሙከራ ቢያስታውስ መልካም ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የተመራማሪው አንድሬያስ ቦይምለር ቡድን ሳልሞኔላ በአንጀት ላይ የሚያስነሳው ብግነት ለራሱ እንደሚጠቅመው አሳይቷል። በብግነቱ ምክንያት የሚፈጠር ቴትራታዮኔት የተባለ ኬሚካል አለ፤ ሳልሞኔላ ኦክስጅን በሌለበት በዚህ ይተነፍሳል፣ አብዛኞቹ የአንጀት ነዋሪዎች ግን አይችሉም። ስለዚህ ጥቂት ሳልሞኔላዎች ወደ ህዋስ ገብተው ብግነቱን ሲቀሰቅሱ በውጭ የቀሩት ይበዛሉ፤ ተቅማጡም ወደ ሌላ ሰው ያደርሳቸዋል።

ይህ ሁሉ ዝርዝር በላቦራቶሪ የሚቀር እውቀት አይደለም። የኮሌራ ባክቴሪያ ወደ ህዋስ አይገባም፤ በላዩ ተጣብቆ መርዙን ይልካል፣ ህዋሱም ውኃና ጨው ያፈሳል። ሕመምተኛው የሚሞተው ውኃው ስላለቀ ነው፤ የፈሰሰው ከተተካ ይድናል። በአገራችን አተት ሲነሳ ህይወት አድን ንጥረ ነገር የብዙዎችን ሕይወት የሚታደገው ስለዚህ ነው። በሺጌላ ጊዜ የሚጎዳው ግን የአንጀቱ ግድግዳ ራሱ ነው፤ ፈሳሽ መተካት ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። የሁለቱ ልዩነት በ1994 በጎማ ከተማ በነበረው የሩዋንዳ ስደተኞች ሰፈር በግልጽ ታየ። መጀመሪያ ኮሌራ መጣ፤ እሱ ሲቀንስ በሺጌላ የሚመጣው የደም ተቅማጥ ተከተለ፣ ባክቴሪያውም በእጅ የነበሩትን የተለመዱ መድኃኒቶች ተላምዶ ነበር። ከዚያ በፊት ከ1969 ጀምሮ በመካከለኛው አሜሪካ በተዛመተ የሺጌላ ወረርሽኝ 500,000 ያህል ሰዎች ታመው 20,000 ያህሉ ሞተዋል።

በእኛ ዘንድ ደም የታየበት ተቅማጥ ሁሉ አሜባ ይባላል። አሜባም የአንጀትን ግድግዳ የሚቦረቡር ተህዋስ ስለሆነ ግምቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በሕፃናት ላይ ዋናው የደም ተቅማጥ ምክንያት ሺጌላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ሕክምናው በመጀመሪያ በሺጌላ ላይ እንዲያነጣጥር ይመክራል። ለአሜባ ከመድኃኒት መደብር የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል ሺጌላን አይነካውም። ልጁ መድኃኒት ወስዷል ተብሎ ሲጠበቅ ባክቴሪያው ከህዋስ ወደ ህዋስ መዛመቱን ይቀጥላል። ተቅማጥ የሚያስቆሙ ክኒኖችም በደም ተቅማጥ ጊዜ ለሕፃን አይሰጡም፤ ባክቴሪያውን በአንጀት ውስጥ ያቆዩታል።

መድኃኒት የመላመድ ችግር ከሁሉ ያሳስባል። ሺጌላ ለዚህ ያለው ዝግጁነት የቆየ ነው፤ በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በደም ተቅማጥ ከሞተ የእንግሊዝ ወታደር የተወሰደው ሺጌላ በ2014 ዘረመሉ ሲነበብ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ሆኖ ተገኝቷል፤ ፔኒሲሊን የተገኘው ደግሞ በ1928 ነው። በፓኪስታን ሲንድ ግዛት ከ2016 ጀምሮ የተዛመተው ታይፎይድ ሴፍትሪያክሶንን ጨምሮ ለአብዛኞቹ የተለመዱ መድኃኒቶች አይበገርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዝርዝር የሲፕሮፍሎክሳሲን ቤተሰብ መድኃኒቶችን የተላመዱ ሺጌላና የታይፎይድ ሳልሞኔላ በከፍተኛ ደረጃ ከሚያሰጉት መካከል ተመድበዋል።

ለታይፎይድ ተስፋው ክትባት ነው። ከስድስት ወር ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጥ አዲስ ክትባት በዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና አግኝቷል፤ በ2019 ፓኪስታን በመደበኛ የክትባት መርሐ ግብሯ ውስጥ በማስገባት የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። ለሺጌላ እስካሁን እንዲህ ያለ ዕውቅና ያገኘ ክትባት የለም፤ ባክቴሪያው ብዙ ዓይነት ስለሆነና በአንዱ መከተብ ከሌላው ስለማያድን ሥራው ከባድ ሆኗል። ስለ መርፌው የተገኘው እውቀት እዚህ ላይ ሊያግዝ ይችላል፤ በመርፌው ጫፍ ያለው ፕሮቲን በሁሉም የሺጌላ ዓይነቶች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ በመሆኑ የክትባት ተመራማሪዎች ዐይናቸውን ጥለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሺጌላ ምክንያት በዓለም ወደ 212,000 ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ ከእነሱም ወደ 64,000 የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ነበሩ።

ክትባቱ እስኪመጣ ድረስ ባክቴሪያው ወደ አንጀት ከመድረሱ በፊት መቅጨት በእጃችን ነው። ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማቅረብዎና ከማጉረስዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በተበከለ ወንዝ ውኃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ በጥሬው ከመብላት በስሎ ቢበላ ይሻላል። እስከ ስድስት ወር ለሕፃኑ የእናት ጡት ብቻ ይሰጠው፤ በጡት ወተት ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት የአንጀቱን ሽፋን ይጠብቁለታል። በልጅዎ ሰገራ ላይ ደም ካዩ ደግሞ ቤት የተረፈ መድኃኒት አይስጡት፤ ፈሳሽ እያጠጡ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።